ያልረገጠችው ጭቃ

የወንድሜ ሚስት ጫማ የምትገዛው ለእግሯ ብላ ሳይሆን ለሰው ዓይን ብላ ነበር። ከቤት እስከ ሸክላ ፋብሪካው በር ድረስ አድርጋው ትሄዳለች፤ በሩን እንዳለፈች አውልቃ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ትሰቅለዋለች። ስለዚህ ጫማዋ አያረጅም ነበር። እግሯ ግን ሌላ ነው። ጣቶቿ እንደ እጅ ጣት የተራራቁ፣ ተረከዟ ሰፊና ክብ፣ ዙሪያውን በጥቃቅን መስመሮች የተሰነጣጠቀ። በዚህ የተነሳ የግቢው ሰው ሁሉ "ተረከዜ" ይላታል፤ ታናናሾቿ ደግሞ "እትዬ ተረከዜ"። እኔም ከወንድሜ ጋር ከመጋባታቸው በፊት ጀምሮ እንዲሁ ነው የምጠራት።

እኔ እዚያው ግቢ የጣሪያ ሸክላ አለሰልስ ነበር። ቅርጽ ይዞ የወጣውን ሸክላ ገና እርጥብ ሳለ ጠርዙን በራሰ ጨርቅ አብሼ አስተካክላለሁ። በርጩማዬ ከእሷ መርገጫ ፊት ለፊት ስለነበረ ሥራዋን ከጠዋት እስከ ማታ አይ ነበር።

ሥራዋ ጭቃ መርገጥ ነው። አፈሩ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሲጠጣ ያድርና በአካፋ እየተዛቀ ሲሚንቶው ወለል ላይ ይከመራል። ተረከዜ ቀሚሷን ሸብሽባ ወገቧ ላይ በገመድ ታስርና ከዳር ትጀምራለች። መጀመሪያ ተረከዝ፣ ቀጥሎ የእግር መዳፍ፣ መጨረሻ ጣት። እየዞረች፣ ክቡን እያጠበበች ወደ መሐል ትገባለች። መሐል ስትደርስ ጭቃው እንደ ሊጥ ይገለበጣል፤ እንደገና ከዳር። ጠጠር ካገኘች ሳታጎነብስ በእግሯ ጣቶች ቆንጥራ ታነሳውና ወደ ቆርቆሮ ጣሳዋ ትወረውረዋለች፤ ጣሳው ቀጭ ይላል። ጠጠር ከቀረበት ወይም አየር ከቋጠረ ሸክላው ምድጃ ውስጥ ይፈነዳል። ሲፈነዳም ብቻውን አይደለም፤ ግራ ቀኙ ያሉትን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሲበቃው "ረግጬዋለሁ" ትላለች። ይህን ሳትል ቅርጽ አውጪው ጭቃውን አይነካውም። ቅርጽ አውጪያችን አፉን ለምግብ ብቻ የሚከፍት ሰው ስለነበር "ጋሽ ጭጭ" ነበር የምንለው። ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ይጀምራል። የመጀመሪያዋን ሸክላ ሲያወጣ ተረከዜ ትመጣና ጥጓ ላይ ተረከዟን አሳርፋ ታነሳለች። ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር አንዲት እንዲህ ያለች ሸክላ ትወጣ ነበር። ገዢዎች መኪናው ላይ ዓይናቸውን እያንከራተቱ "ተረከዙ የታለ?" ይላሉ። ሸክላ ያፈሰሰበት ሰው ሲመጣም የሚጠይቀው እሷን ነው። ከጭቃው ሳትወጣ ቆማ ትሰማለች፤ ስድብም ቢሆን ትሰማለች፤ ጥፋቱ ከጭቃው ከሆነ "የእኔ ነው" ትላለች፤ ነገሩ ያልቃል።

ከወንድሜ ጋር የተዋወቁት በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ወንድሜ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ ገጽ የሚያዘጋጅ ማለት ነው። የማተሚያ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ወረቀት ሲያበሰብስ አለቃው ሸክላ ምረጥ ብሎ ላከው። ሲመጣ ተረከዜ ጭቃ ውስጥ ናት።

"ይሄ አያፈስም?" አላት።

"አያፈስም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ካላመንክ ገብተህ ርገጠው።"

የምር መስሎት ይሁን ወይም ዓይኗ ደስ ብሎት፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ እግሩ ከድቶት ጭቃው ላይ በቂጡ ዘጭ አለ። ጋሽ ጭጭ እንኳ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ወንድሜ ግን ከተቀመጠበት ሳይነሳ "ቃሉም እኮ ከዚሁ ነው የወጣው" አለ።

"የቱ ቃል?"

"እርግጥ የሚለው። ከረገጠ ነው የመጣ፤ የተረገጠ ማለት ነው። አረጋገጠ ሲባልም ያው ነው፣ ረጋግጦ አየው እንደ ማለት። መዝገበ ቃላት ስናትም በእጄ ነው ያለፈው።"

"አሁን ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አስፈለገህ?" አለችና እጇን ሰጥታ አነሳችው። ከዚያ ወዲህ ስሙን ትታ "ፊደሌ" ትለዋለች።

እኔ ከትምህርት ብዙም አልገፋሁም። እርግጥ የሚለው "ረጋ" ከሚለው የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ወተት ሲረጋ፣ የተበጠበጠ ውሃ ሲረጋ እንደምንለው። አንድ ቀን ለወንድሜ ይህን ብነግረው አልሳቀብኝም። "ያስመስላል" አለኝ። "ግን የረጋ ነገር አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ብትጠብቂውም ይረጋልሻል። እርግጥ የሆነ ነገር እንደዚያ አይመጣም። መሬቱ ይሸከም አይሸከም ከዳር ቆመሽ በዓይን አይታወቅም፤ አንድ ሰው እግሩን ማሳረፍ አለበት።" ይህ አባባሉ ከልቤ አልወጣም። እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው በኋላ የተናገረውን ስሰማም የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

ጊዜው ሄደ። አባባ የምንለው የፋብሪካው ባለቤት ዓይኑ ሲደክም ሥራውን ለልጁ አስረከበ። ልጅቷን ሁላችንም እናውቃታለን፤ በተረከዜ ጀርባ ላይ ያደገች ናት። ከተማሪ ቤት ስትመለስ ጭቃ ውስጥ እየገባች ልብሷን ታበላሽ ነበር፤ እናቷ ሳታያት ተረከዜ ታጥባታለች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ሥራውን እንደያዘች ከበርጩማዬ በላይ ያለውን የሚያፈስ ቆርቆሮ አስቀየረችልኝ። ክረምት ክረምት እጄ ሲሰነጣጠቅ ቅባት ያመጣችልኝ እሷ ናት።

እሷ ናት ማቡኪያ ማሽኑንም ያመጣችው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ሲነሳ ምጥ እንደያዛት ላም የሚያጓራ ነበር። ተረከዜ ታለቅስ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ዙሪያውን ዞራ አየችው፤ ሆዱን መታ መታ አደረገችና "ታድለህ! ጉልበት የለህ፣ ቁርጥማት የለህ" አለችው። ጉልበቷ ደህና አድርጎ ይጠዘጥዛት ስለነበር ደስ ነው ያላት። የጣሪያው ሸክላ ጭቃ ለማሽኑ ተሰጠ፤ ጎን ለጎን የምንሠራው የአበባ ማስቀመጫ ጭቃ ለእሷ እግር ቀረ።

ጠቡ የመጣው ከተረከዙ ነው።

አዲስ የሚሠራ ጤና ጣቢያ ነበር። የግንባታው ተቆጣጣሪ ጣሪያውን ሙሉ ከእኛ ሊወስድ ተስማማ። መነጽሩን እየጠረገ "በእናቴ ቤት በር ላይ ያለችዋ ዓይነት፣ ተረከዝ ያለባት፣ አብራ ትምጣልኝ እንጂ ሌላ ጥያቄ የለኝም" አለና ሄደ። ልጅቷ እርጥብ ሸክላ ይዛ በደስታ እየሮጠች መጣች።

"እትዬ፣ ይምጡማ። እዚህች ላይ እግርዎን ያሳርፉልኝ።"

"የቱ ጭቃ ነው?"

"የማሽኑ ነዋ፣ የጣሪያው።"

"አይሆንም፣ የኔ ልጅ። እሱን አልረገጥኩትም።"

"ማሽኑ ረግጦታል እኮ።"

"እንግዲያው ማሽኑ ተረከዙን ያሳርፍ።"

ሁላችንም ሳቅን፤ ልጅቷም ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ እንዳልሆነ የገባት የመጀመሪያው የማሽን ሸክላ ተተኩሶ ሲወጣ ነው። ምድጃው ሲከፈት አንዲት የተሰነጠቀች አልነበረችም። አንዷን አንስታ ወደ ተረከዜ አመጣችና በጣቷ አንኳኳቻት፤ እንደ ደወል ጮኸች።

"ይስሙት እስቲ!"

"እሰይ! ድንቅ ሆኖ ወጥቷል። እጅሽ ይባረክ" አለች ተረከዜ፤ ከልቧ ነበር።

"ታዲያ አመኑ?"

"አመንኩ።"

"እንግዲያው በእርጥቡ ላይ ያሳርፉልኝ።"

"ማመንማ ሌላ ነው። አንቺን ስለማምንሽ ነው ያመንኩት። ሰዎቹ ግን ተረከዜን ሲያዩ የሚሉት እሷ ውስጡ ገብታ ወጥታለች ነው። አልገባሁም።"

"ማን ያውቃል?"

"እግሬ ያውቃል።"

የልጅቷ ፊት ጠቆረ። "እትዬ፣ በግልጽ ልንገርዎት። ረገጣው ለማሽን ሄደ፤ የአበባውም ነገ ተነገ ወዲያ ይሄዳል። ለእርስዎ የቀረዎት ይቺው ተረከዝ ናት። እሷንም ከከለከሉኝ እዚህ የማቆይዎት በምን ምክንያት ነው?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ" አለቻትና ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። ጣሳው ቀጭ አለ።

ያን ማታ እራት ላይ ነገሩ እቤት ገባ። እኔ ትዳር አልያዝኩም፤ የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው። የወንድሜ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደሉን ለቁራጭ ብረት ገዢ ከሸጠ ቆይቷል፤ የእሱም ዓይን ደክሟል። ቤቱ የቆመው በተረከዜ ሥራ ነበር፤ የእኔ ደመወዝ እንኳን ለቤት ለራሴም አይበቃም።

"አሳርፊላትና ይለፍ" አላት ወንድሜ።

ተረከዜ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። "ምን አልክ?"

"እኔ ስንቱን ውሸት በእጄ ለቅሜያለሁ! ዛሬ የሚያወድሱትን በሳምንቱ ሲያዋርዱት ሁለቱንም ያተምኩት እኔ ነኝ። እጄ ተቆረጠ? አልተቆረጠም።"

"ያ የጻፈው ሰውዬ ውሸት ነው፣ ፊደሌ። ስሙ ከታች አለ፤ ያንተ ስም የለበትም። ይሄ ግን እግሬ ነው። የማን ነው ልበል?"

"ሸክላው ደህና ነው አላልሽም?"

"ነዋ! ደህና ነው። ደህና መሆኑንና እኔ ማወቄን ምን አገናኘው? አንተ አይደለህ እንዴ ቃሉ ከመርገጥ ነው የመጣ ያልከኝ፤ ቂጥህ ጭቃ ውስጥ ሆኖ?"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ክርክር አልችልም። ግን ቤቱ አሳስቦኝ፣ አንገቴን ደፍቼ "አንዴ ብቻ ብታደርጊው ምን አለበት፣ እትዬ" አልኩ።

"አንቺም፣ ዋርሳዬ?" አለችኝ። ከመቆጣት ይልቅ ያዘነች መሰለኝ። ከዚያ ሳህኗን አንስታ ቆመች። "አንዴ ያሳረፍኩ ቀን የቀደሙት ሁሉ ምን እንደሚሆኑ አስባችሁታል? በየሰዉ በር ላይ ያሉት? በየትኛው ነው የረገጥኩት፣ በየትኛው ነው የዋሸሁት፣ ማን ይለይልኛል? አላደርገውም። ተባብራችሁ ብትለምኑኝም አላደርገውም።"

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ስለ ተረከዙ ዝም አለች። ተረከዜ የአበባ ማስቀመጫ ጭቃዋን ትረግጣለች፤ ማሽኑ ያጓራል፤ እኔም ጉዳዩ በዚያው የተረሳ መሰለኝ። የጤና ጣቢያው ጭነት ተተኩሶ አልቆ ግቢው ውስጥ ተደረደረ። ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ እያራገፍኩ ሳለሁ ከላይ የተቀመጠችው ሸክላ ጥግ ላይ ተረከዝ አየሁ።

በድብቅ እሺ ብላ ኖሯል አልኩ። ጎንበስ ብዬ ሳየው መስመሮቹ ሁሉ የእሷ ናቸው፤ ያለ ጥርጥር። ግን ትንሽ ሆነብኝ። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ይጠባል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ይህ ግን ከጠበበው ላይ እንደገና የጠበበ ነው። ሄጄ ቀስ ብዬ ጠራኋት። መጣች፤ አየችው። ጭቃ ያለበትን እግሯን አንስታ ላዩ ላይ አደረገች። ተረከዟ በሁሉም ጎን ተረፈ።

"ይቺማ የእኔ የልጅ ልጅ ትሆናለች" አለች።

ጋሽ ጭጭ ቆሞ ያያት ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና "በጄሶ ነው" አለ። "ከአሮጌ ሸክላ ላይ ቀድተው።" እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

የጭነት መኪናው በሩን አልፎ ገባ። ተቆጣጣሪው ወረደ፤ ልጅቷ ንጹህ ጫማ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ ተቀበለችው። እሱ ተረከዙን ሲያይ እንደ ልጅ ደስ አለው። በዚህ መሐል ተረከዜ እንዳለች፣ ቀሚሷ ወገቧ ላይ እንደታሰረ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ከፊቱ ቆመች። እኔ ሸክላው ጀርባ ገብቼ ብቀር በወደድኩ።

"ጌታዬ፣ ይሄን ተረከዝ ብለው ነው የመጡት?"

"አዎ፣ እናቴ! እርስዎ ነዎት እንዴ? የእናቴ ቤት በር ላይ..."

"ያኛው እኔ ነኝ። ይሄኛው አይደለሁም።"

"እትዬ!" አለች ልጅቷ።

"ቆይ፣ ልጄ። ሸክላው ደህና ነው፣ ጌታዬ። ያንኳኩት፣ ይጮህልዎታል። ጭቃውን ግን እኔ አልረገጥኩትም፤ ምልክቱ በጄሶ ነው የተሠራ።"

ሰውዬው አንዴ ሸክላውን፣ አንዴ እግሯን አየ። "ታዲያ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"እኔን አይጠይቁኝ። እኔ ሩቅ ነበርኩ። ማሽኑ አጠገብ የነበረውን ይጠይቁ።"

ሁላችንም ልጅቷን አየናት። እውነቱን ለመናገር ከማሽኑ ጎን ተለይታ አታውቅም ነበር፤ አፈሩን የምታስነፋ፣ ውሃውን የምትለካ፣ ምድጃው ሲነድ አጠገቡ የምታመሽ እሷ ናት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የንዴት እንባ ነው። ከዚያ ያንን ንጹህ ጫማዋን ወዲያና ወዲህ ወርውራ ወደ ጋሽ ጭጭ ጠረጴዛ ሄደች፤ ከማሽኑ ጭቃ ያወጣው እርጥብ ሸክላ ገና እዚያው ነበር። መሬት ላይ አውርዳ ተረከዟን ተከለችበት። በጣም ስለተጫነችው ጭቃው በጎን ተንሸዋረረ።

"ይኸውላችሁ! እኔ ነኝ ያቦካሁት፣ እኔ ነኝ ያስተኮስኩት! ቢሰነጠቅ እኔ ጋ ይምጡ! እትዬ ጋ አይምጡ፣ ማንም ጋ አይምጡ፣ እኔ ጋ!"

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "እሺ" አለ መጨረሻ ላይ። "ይቺ ደርቃ እስክትተኮስ እጠብቃለሁ። ያቺኛዋን አንሱልኝ።" መኪናው ባዶውን ወጣ፤ ግን ውሉን አላፈረሰም።

በሩ እንደተዘጋ ልጅቷ በባዶ እግሯ መጥታ ተረከዜ ፊት ቆመች። "በሰው ፊት አዋረዱኝ። ያሳደጉኝ ሰው ሆነው። ነገ እንዳይመጡ።"

"እሺ" አለች ተረከዜ። "የዛሬውን ግን ጨርሼ ነው የምሄደው። ጋሽ ጭጭ ግማሽ የተረገጠ ጭቃ ሊሰጠው ነው?"

ገብታ ረገጠች። ከወትሮው አላፈጠነችም፤ ከዳር ወደ መሐል፣ ተገልብጦ እንደገና ከዳር። ልጅቷ እስኪያልቅ ድረስ ቆማ አየቻት እንጂ ውጪ አላለቻትም። ሲያልቅ ተረከዜ እግሯን ታጠበች፤ ጫማዋን ከሚስማሩ አወረደች። እኔም የራሰ ጨርቄን ጥዬ ተከተልኳት። መንገድ ላይ ጎረቤታችን "ዛሬስ በጊዜ ወጣችሁ?" ብትለን እኔ ምን እንደምል ስፈልግ፣ ተረከዜ "ተባረርኩ!" አለቻት፤ ሹመት እንዳገኘ ሰው ጮክ ብላ።

ወንድሜ ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሚስቱን አልወቀሳትም። "ቂጤ ጭቃ ውስጥ የሆነ ቀን ዝም ብል ይሻለኝ ነበር" አለ፤ ሳቋ እስከ መንገድ ተሰማ። ኑሯችን ከዚያ ወዲህ ጠባብ ነው፤ አይደለም ብዬ አልዋሽም። ጓሯችን ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረን ትንንሽ የአበባ ማስቀመጫ እንሠራለን፤ እሷ ትረግጣለች፣ እኔ አለሰልሳለሁ፣ ወንድሜ በዓይኑ ሳይሆን በእጁ እየዳሰሰ ቅርጽ ያወጣል። ጠማማ ነው የሚያወጣው፤ ሰው ግን ይገዛዋል።

ጤና ጣቢያው ተሠርቶ አልቆ ተከፍቷል። ባለፈው ሰሞን ጉልበቷ ሲብስባት ይዣት ሄድኩ። ከበሩ በላይ የልጅቷ ተረከዝ አለች፤ ቀጠን ያለች፣ በአንድ ጎን የተንሸዋረረች። ጣሪያው እስካሁን አላፈሰሰም። ተራ በሚጠብቁት ሰዎች መሐል ስናልፍ ዘበኛው ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳት።

"እማማ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ባለ ተረከዟ? ይኸው በእርስዎ እግር ሥር ነው የምንውለው!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ቦታዋን ልትለቅላት ተነሳች። እኔ እጇን ቆነጠጥኩ፤ ዝም ብትል፣ ራሷን ብትነቀንቅ፣ ወንበር አግኝታ ብትቀመጥ ብዬ ነው። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

"እኔ አይደለሁም" አለች። "የእሷ ናት፣ የአባባ ልጅ። ሥራዋን የራሷ አድርጉላት።"

"ኧረ ይተዉ እማማ፣ ሰዉ ሁሉ የእርስዎ ነው ይላል!"

"ሰዉ ሁሉ አላየማ! የእኔ ሰፊ ነው!" አለችና ትከሻዬን ተደግፋ ጫማዋን አወለቀች፤ ያንን እግሯን በዚያ ሁሉ በሽተኛ ፊት ወደ ላይ አንስታ ለዘበኛው አሳየችው። እኔ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ሳብኩ።